ፉርጎ የጎተተች ፒካፕ

በአንድ ወቅት፣ ድሬ ላይ ሙቀቱ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሰው እንኳ በሚያባርርበት ሰሞን፣ ዳምጠው የሚባል መኪና ሻጭ ነበር። ዳምጠው ጨዋታ ይወዳል፣ ድግስ ይወዳል፤ ከሁሉም አብልጦ ግን ስሙን ይወዳል። ታዲያ አዲስ ፒካፕ አስመጥቶ ገዢ አጣ። የከተማው ሰው ይመጣል፣ መኪናዋን ዞር ዞር እያለ ያያታል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋታል፤ ከዚያ «አቦ ይቺማ ቆርቆሮ ናት! ሁለት ኩንታል ብትጭን ትተኛለች» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል። ዳምጠው አንጀቱ እርር አለ።

«ቆርቆሮ? ቆይ፣ አሳያችኋለሁ!» አለና ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ ከተማውን ዞረ። በአሮጌው ሐዲድ ላይ ሥራ ፈታ የቆመች አንዲት የዕቃ ፉርጎ አለች። እሷን በፒካፗ ሊያስጎትት ነው። ባዶዋንም አይደለም፤ የከተማውን የማርሽ ባንድ ከነከበሮው ከነጥሩምባው ጭኖባት ነው እንጂ።

«እሑድ ማንም ሹፌር ይምጣ! ፉርጎዋን በኖራ እስካሰመርኩት መስመር ላደረሳት ሰው፣ ፒካፗ ከነቁልፏ የሱ ናት! ዳምጠው ተናግሯል፤ ዳምጠው ቃሉን አያጥፍም!»

ለቀናት ሰዎች አሰማርቶ የፉርጎዋን እግር ግራሶ አስቀባ፤ ዝገቱን አስፋቀ፤ የብረት ገመድ አስመጣ። ከኖራው መስመር ወዲያ ደግሞ ለክብር እንግዶች ድንኳን ተከለ። የት ላይ? እዚያው ሐዲዱ ላይ! ምን ያድርግ፣ ደልዳላው ቦታ እሱ ነው። ፊት ወንበር ላይ አማቱን አስቀመጠ። ስለ ፉርጎዋ መነሳት ሰው ሁሉ ተጨንቋል፤ ከተነሳች በኋላ እንዴት ትቆማለች ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን።

እሑድ ከተማው ነቅሎ ወጣ። የመጀመሪያው ሹፌር ቤንዚኑን ረገጠና ጎማውን አጨሰው፤ ፉርጎዋ ንቅንቅ አላለችም። ሁለተኛው ወደ ኋላ መለስ ብሎ ተንደረደረና ገመዱን በጠሰው። ሌላ ገመድ መጣ። ሦስተኛው መኪናዋን በቁሟ አንቀጠቀጣትና ወረደ። ይሄኔ ሕዝቡ እያጨበጨበ «ቆር-ቆሮ! ቆር-ቆሮ!» ይል ጀመር። የፉርጎዋ ባንድ እንኳ፣ ዳምጠው ከፍሎት የመጣው ባንድ፣ በዜማው ይመታላቸዋል! ዳምጠው ላቡን ጠረገ። ዛሬ ፉርጎዋ ካልሄደች ስሙ ከዚህ ሐዲድ ላይ እንደማይነሳ ገባው።

ያን ጊዜ ፍራኦል ወጣ። የገልባጭ ሹፌር ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ። ብዙ አያወራም። ገመዱን በእጁ ዳበሰው፣ ገባ፣ መኪናዋን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጎ አስነሳት። ገመዱ ተወጠረ። ፉርጎዋ እንዳቃሰተች ጎማው ዞረና ተንሸራተተ። ፍራኦል እንደ ሌሎቹ አላስጮኻትም፤ አጥፍቶ ወረደ።

«ጋሼ፣ ጉልበት አላት። መሬቱን ግን አልጨበጠችውም» አለ።

«ጀርባዋ ባዶ ነዋ!» የሚል ድምፅ ከሕዝቡ መሐል ተሰማ። እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ይሸጣሉ። መኪና እያጡ ስንት ቲማቲም የበሰበሰባቸው ሴት ናቸው። ባገኙም ጊዜ ጭቃ ሲይዘው ሹፌሩ «እትዬ፣ እባክዎ ከኋላ ጎማው ላይ ይቀመጡልኝ» እያለ ሲለምናቸው ኖሯል። ወገባቸውን በነጠላ አሰሩና ወደ ገበያ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«እናንተ ሴቶች! ተነሱ ውጡ! ክብደታችን ዛሬ ለቁም ነገር ተፈለገ!»

ሴቶቹ እየተሳሳቁ፣ እየተጎታተቱ ፒካፗ ላይ ወጡ። ሽንኩርት ሻጯ፣ ድንች ሻጯ፣ ሐብሐብ ሻጯ፤ ሁሉም ደልደል ያሉ ናቸው። የመኪናዋ ጀርባ ዝቅ፣ ዝቅ አለ።

«አቦ፣ ወገቧን ቆረጣችኋት!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«የራስህ ይቆረጥ!» አሉት እትዬ ደብሪቱ፤ ከዚያ የጋቢናውን ጣራ በመዳፋቸው መቱና «ንዳት የኔ ልጅ!» አሉ።

ፍራኦል ነዳት። ገመዱ ተወጠረ፤ ጎማው መሬቱን ነከሰ፤ ፉርጎዋ ሲጢጥ አለች፤ እና ሄደች። እልልታው ቀለጠ! ባንዱ ዜማውን ቀይሮ የሠርግ ዘፈን ጀመረ። ዳምጠው ባርኔጣውን ወርውሮ እንደ ሕፃን ዘለለ፤ ደስታው ዓይኑን በእንባ ሞላው። ፒካፗ የኖራውን መስመር አለፈች። ፉርጎዋም አለፈች። ፍራኦል እንደ ማንኛውም ሹፌር ፍሬን ያዘ።

ፉርጎዋ ግን ፍሬን የላትም። ያ ሁሉ ብረት ከነጥሩምባው እየተንከባለለ መጣ።

ቀድመው ያዩት ፊታቸው ወደ ኋላ የነበረው እትዬ ደብሪቱ ናቸው። «መጣችብን! ፉርጎዋ መጣችብን!» ብለው ጮኹ። ፍራኦል በመስታወቱ አየ። ወደ ጎን ልጠምዝዝ ቢል ፉርጎዋ ድንኳኑ ውስጥ ትገባለች፤ ባለበት ልቁም ቢል ሴቶቹ ያልቃሉ። መሪውን አልለቀቀም፤ ነዳጅ ሰጥቶ ቀስ እያለ ከፊቷ ሸሸ። ግን ወዴት? ከፊቱ ድንኳኑ ነው። እንግዶቹ ካስማና ገመድ ውስጥ ተጠላልፈው ይጯጯሃሉ፤ የዳምጠው አማት ወንበራቸውን ይዘው ቆመዋል።

ከሐዲዱ ዳር አብዶሽ የሚባል ባለጋሪ ቆሞ ነበር። ለግንበኞች አሸዋ በከረጢት ጭኖ ሲያልፍ፣ «እስቲ ይቺን አይቼ ልሂድ» ብሎ የቆመ ሰው ነው። ያቺ ጋሪ የቤቱ ጓዳ ናት። የእትዬ ደብሪቱን ጩኸት ሲሰማ ፈረሱን ፈቶ አባረረው፤ ጋሪዋን በደረቱ ገፍቶ፣ ፒካፗ እንዳለፈች፣ ፉርጎዋ ፊት ሐዲዱ ላይ ጨመራት። ቋ! አለ። እንጨቱ ተሰባበረ፣ ከረጢቶቹ ፈነዱ፣ የብረቱ እግር አሸዋው ውስጥ ተቀበረ። ፉርጎዋ ጋሪዋን እያላመጠች ተጎተተች፤ ተንገራገጨች፤ ቆመች። ፒካፗም ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመች።

ጥሩምባ ነፊው ከፉርጎዋ አሸዋው ላይ ተከንብሎ ነበር፤ ደህና መሆኑን ሊያሳውቅ ተነሥቶ ጥሩምባውን አንዴ ጡጥ አደረጋት። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅና መተቃቀፍ ምን ብዬ ልንገራችሁ! የዳምጠው አማት ከድንኳኑ ወጥተው «ልጄ፣ ድግስህ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉት።

ሰው ሳቁን ጨርሶ ሲያበቃ ሁሉም ዳምጠውን ያየው ጀመር። ቁልፉ እጁ ላይ ነው።

ፍራኦል ቀረበ። «ጋሼ፣ ፉርጎዋን እስከ ኖራው ላደረሰ ነው ያልከው። አደረስኩ። የሰው መኪና መንዳት በቃኝ።»

እትዬ ደብሪቱ ከፒካፗ ሳይወርዱ ተናገሩ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ባልመጣ ገና ጎማ ታሽከረክር ነበር! መጀመሪያ አቅቶህ ወርደህ የለም እንዴ? አደጋውንስ ያየ ማነው?»

አብዶሽ የፈረሱን ልጓም በእጁ ይዞ መጣ። «ወላሂ እኔ ስለ ኖራ አላውቅም። ግን አቦ፣ እኔ ባልኖር የምን መኪና? የምን ቁልፍ? ዛሬ ለቅሶ ነበራ!»

«አብዶሽ፣ ጋሪህን እኔ እተካልሃለሁ» አለ ዳምጠው ቀስ ብሎ።

«ጋሪማ የሰበርካት አንተ ነህ፤ ትተካለህ። እሷ ስጦታ አይደለችም። እኔ የማወራህ ስለ ፒካፗ ነው» አለው አብዶሽ። ሕዝቡም «እውነቱን ነው!» አለ።

«እንግዲያው ለሦስት ብትካፈሏትስ?» አለ ዳምጠው።

«ሐብሐብ መሰለችህ እንዴ የምንቆርጣት?» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ሴቶቹም በሳቅ ፈነዱ።

ዳምጠው ቁልፉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዘዋወረ። ለፍራኦል ቢሰጥ ቃሉን እንደተናገረው ጠበቀ፤ የሰው ነፍስ ያተረፈው አብዶሽ ግን እጅ እጁን እያየ ይሄዳል። ለአብዶሽ ቢሰጥ ሕሊናው ያርፋል፤ ነገ ግን «ዳምጠው ሌላ ተናግሮ ሌላ አደረገ» ይባላል፤ አብዶሽ ፉርጎ አቆመ እንጂ መቼ ጎተተ? እትዬ ደብሪቱስ? መሪ አልጨበጡ፣ ጋሪ አልሰበሩ፤ ሆኖም እሳቸው ባይኖሩ ፉርጎዋ እስከ ዛሬ እዚያው ናት፤ ባይጮሁም አብዶሽ አይሰማም ነበር።

አማቱ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ አደራህን ልጄ» አሉት። በሉት፣ ጭራሽ ጨነቀው!

ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ከተማው በሙሉ ይጠብቃል። ዳምጠው ሦስቱንም ይወዳቸዋል፤ ቁልፉ ግን አንድ ነው። «ሁሉም ይገባቸዋል» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ፤ እሱማ ዳምጠውንም አልጠፋውም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ መኪናዋ የምትገባው ለማን ነው? ለነዳው፣ ጀርባዋን ለሞሉላት፣ ወይስ ጋሪውን ለሰበረው?