የጥላ ቤት የኋላ በር

አንድ ጊዜ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አሮጌ አዳራሽ ውስጥ፣ «የኋላው በር ክፍት ነው?» ብላ የጠየቀችኝን ሴት «ክፍት ነው» ብዬ ዋሽቻታለሁ። በሩን የቆለፍኩት እኔው ነበርኩ። ያን ቀን እሳት ስላልተነሳ ማንም አላወቀብኝም፤ ሴትዮዋም ትርኢቱን አይታ፣ ስቃ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ተረት በእንቅልፌ ይመጣብኛል። እንደመጣልኝ እነግራችኋለሁ።

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ቀን ቀጥረው ሰላም በሚያወርዱበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ ጉብታ ሆድ ውስጥ የጥላ ቤት የሚባል ዋሻ ነበረ። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። ግድግዳው ስንት ትውልድ ጀርባውን ተደግፎበት እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟል። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ስስ ቁርበት ይወጥራል፣ ከቁርበቱ ጀርባ ጧፍ ያበራል፣ በመካከል ሚዳቋዎች ቀስ እያሉ ይጨፍራሉ። ያን ጊዜ በቁርበቱ ላይ የሚዳቋ ቀንድ ዛፍ ይሆናል፣ ዛፉ ጎንበስ ሲል ወንዝ ይሆናል፣ ወንዙ ሲዞር የሞተች እናትህ ከሩቅ ስትመጣ ትመስልሃለች። ያየ ሁሉ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ በሕልም ውስጥ እንዳለ ይመላለሳል።

የጥላ ቤት ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ጥላው እስኪያልቅ ማንም ማንንም አይበላም። ሁለተኛው፣ አንበሳ ሳይነሳ ማንም አይነሳም።

ሁለት በርም ነበረው። የፊቱ ሰፊ ነው፣ ሁሉም የሚገባበት። የኋላው ጠባብ ነው፤ ከጉብታው ማዶ፣ ቄጠማ ውስጥ ይወጣል።

የበሮቹ ጠባቂ አህያ ነበረች። እመት አህዪት ይሏታል። ትጉህ ናት፣ የታዘዘችውን ትሸከማለች፣ «እምቢ» የሚለውን ቃል ግን እናቷ አላስተማረቻትም። ድምፅዋንም ታፍርበታለች። አንዴ በሠርግ ላይ ደስ ብሏት ብታናፋ ሙሽራው ደንግጦ ጠፍቶ ሦስት ቀን ተፈልጓል ይባላል።

አንድ ቅዳሜ ቀበሮ መጣና ከኋላው በር ላይ ቆመ።

«እመት አህዪት፣ ይቺን ቀዳዳ ድፈኚልኝ። ብርሃን እየገባ ጥላዬን ያሳሳብኛል። ጦጣዎቹም በዚህ እየሾለኩ አስቸግረውኛል።»

«ጋሽ ቀበሮ፣ መውጫ እኮ ናት።»

«መውጫማ በገቡበት ነው። አንቺ ከቤትሽ በስንት በር ነው የምትወጪው?»

እመት አህዪት አሰበች። ቤቷ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። እሺ ብላ ወደ ሜዳው ወረደች፣ ስድስት እስር ድርቆሽ በሦስት ምልልስ ተሸክማ አመጣች፣ በውጭ በኩል ከበሩ ላይ ከምራ በላዩ ድንጋይ ጫነችበት። ጀርባዋ ላብ በላብ ሆነ። ቀበሮ «ተባረኪ» አላት። ከዚያ አያ ጅቦን ጠርቶ ከድርቆሹ ፊት አቆመው።

«በዚህ ማንም አያልፍም። ገባህ?»

«ማንም አያልፍም» አለ ጅብ። «የዘበኝነቴ አጥንትስ?»

«ጥላው ሲያልቅ።»

ጅብ ከድርቆሹ ሥር ቁጭ ብሎ ጥላው እስኪያልቅ ምራቁን መዋጥ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ እንስሳቱ መምጣት ጀመሩ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እማማ ኤሊ ናት፤ ከቤቷ የተነሳችው ሐሙስ ነበርና። ከፊቱ በር ደርሳ አንገቷን አወጣች።

«እመት አህዪት፣ የኋላዋ በር ክፍት ናት?»

ከኋላዋ የቆመው ዝንጀሮ ሳቀ። «እማማ ኤሊ ገና ሳይገቡ መውጫ ይጠይቃሉ። ትርኢቱ እንዲህ አስጠልቶዎታል?»

«አንተ ዘለህ ትወጣለህ፣ ልጄ» አለች ኤሊ። «እኔ ነገ ለመውጣት ዛሬ መጀመር አለብኝ።»

የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ቀበሮ ከእመት አህዪት አጠገብ ቆሟል፤ የጭራው ጫፍ እግሯን ይነካታል። ሰልፉ ረዝሟል። «ዘግቻታለሁ» ብትል ቀበሮ ምን ይላል? «ቆይ ልክፈታት» ብትል ሰልፈኛው ምን ይላል? ይሉኝታ ያዛት።

«ክፍት ናት» አለች።

«እንግዲያስ እዚያው አጠገብ ልቀመጥ» አለችና ኤሊ ወደ ውስጥ ገባች። እግሮቿ ድንጋዩን ሲፍቁ ይሰማሉ፤ ሸር፣ ሸር፣ ሸር። እመት አህዪት ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ጆሮዋን አቅንታ ቆመች።

የጥላ ቤት እንደዚያን ቀን ሞልቶ አያውቅም። ቆቆች በአጋዘን ቀንድ ላይ ሰፈሩ፤ ጥንቸሎች በከርከሮ እግር መካከል ተቀመጡ። አንበሳ ከፊት ተጋድሞ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሱ ትርኢት የሚያየው ተኝቶ ነው። ጧፎቹ በሩ፣ ቀንዶቹ ዛፍ ሆኑ፣ ዛፎቹ ወንዝ ሆኑ። ቤቱ በሙሉ አንድ ትንፋሽ ይተነፍስ ጀመር።

ከዚያ ወንዙ ወርቅ ሆነ።

ከቁርበቱ ጠርዝ ተነስቶ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይጣደፍ፣ ወርቁ ወደ ላይ ይፈስ ጀመር። እንደዚህ ያለ ውብ ነገር ታይቶ አያውቅም። ቆቆቹ እልል አሉ።

«ቀበሮ ዘንድሮ በለጠ» አለ ከርከሮ።

«ዝም በል፣ ልይበት» አለው ዝንጀሮ።

እመት አህዪት ግን ሸተታት። ጭነት ይዛ በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ስንቴ አልፋለች፤ ቁርበት ሲቃጠል የሚሸተውን ታውቃለች። በር አጠገብ ወደ ተቀመጠው ቀበሮ ዞረች። ቀበሮም አይቷል፤ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል።

«ዝም በይ» አላት በሹክሹክታ። «ሚዳቋዎቹ ያጠፉታል። አሁን ብትጮኺ ስሜ ይጠፋል።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለተመልካቹ «ይህ እንግዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው» አለ።

ተመልካቹ «እሰይ» አለ በደስታ።

እመት አህዪት አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ያ የሠርግ ቀን ትዝ አላት። መልሳ ከፈተችና አናፋች። ዋሻው አስተጋባ።

«እመት አህዪት፣ ያንቺ ተራ አልደረሰም» አለ ዝንጀሮ፤ ሳቅ ሆነ።

«እሳት ነው» አለች። «ትርኢት አይደለም። ውጡ።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ጭሱን አሁን አዩት፤ ከጣሪያው ሥር እንደ ጥቁር ውሃ ተኝቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ነገር ግን ማንም አልተነሳም። ሁሉም አንበሳን ያያል። አንበሳ ተኝቷል። ሕግ ሕግ ነው፣ እያንዳንዱም ሕጉን ቀድሞ የሚያፈርሰው ጎረቤቱ እንዲሆን ይጠብቃል።

እመት አህዪት በተቀመጡት መካከል አልፋ ከአንበሳ ፊት ቆመች። በዕድሜዋ ሙሉ ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም።

«ጌታዬ፣ ይነሱ።»

አንበሳ ዓይኑን ገለጠ። ወርቁን አየ፣ አህያዋን አየ፣ ተነሳ። ቤቱም አብሮ ተነሳ።

በፊተኛው በር ላይ ግን ዝንጀሮና ከርከሮ ተገጣጠሙ።

«ይለፉ እንጂ፣ አቶ ከርከሮ።»

«ኧረ በፍጹም። እርስዎ ታላቄ ነዎት።»

«በሞቴ ይለፉ።»

«እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ጭሱ የዝንጀሮን ጆሮ ደርሶ ነበር፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በእጁ መንገዱን ያሳያል። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ተጨናንቆ ቆመ። እመት አህዪት ግንባሯን ከሁለቱም መካከል አስገብታ ገፋች።

«እየሄዳችሁ ተከባበሩ» አለች። «ቁማችሁ ማንንም አታስገድሉ።»

ሁለቱ ተያይዘው ወጡ፤ የቀረውም እንደ ተከፈተ ውሃ ተከተለ።

ውጭ ላይ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እንስሳቱ ሣሩ ላይ ቆመው ያስላሉ። አንዷ ቆቅ «ሕልም መስሎኝ ነበር» ትላለች ደጋግማ። እመት አህዪት ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ታያለች። ሚዳቋዎቹ አሉ። ጥንቸሎቹ አሉ።

«እማማ ኤሊን ያየ?»

«እሳቸውማ በኋላው በር ናቸው» አለ ዝንጀሮ። «ልሸከምዎ ብላቸው፣ ‹ሂድ ልጄ፣ እኔ በር አጠገብ ነኝ፤ ክፍት መሆኑን ጠይቄ ነው የተቀመጥኩት› አሉኝ።»

እመት አህዪት ዞራ ሮጠች፤ ጭነት ባይኖርባትም እንደዚያን ቀን ጀርባዋ ከብዷት አያውቅም። ጉብታውን ዞራ ቄጠማውን ሰንጥቃ ደረሰች።

ጅብ ከድርቆሹ ፊት ቁጭ ብሏል።

«ምን ትሠራለህ፣ አያ ጅቦ? ማንም አልጠራህም?»

«አንድ ነገር ከውስጥ ድንጋይ ይቧጥጣል» አለ። «‹ክፈቱልኝ› ይላል። ‹ማንም አያልፍም ተብያለሁ› አልኩት። ‹እኔ መግባት አይደለም፣ መውጣት ነው የምፈልገው› አለኝ። መውጣት ማለፍ ነው፣ አይደለም? እሱን እያሰብኩ ነው።»

«አሁንስ ይቧጥጣል?»

«አሁን ዝም ብሏል። ያሰብኩት ለዚህ ነው፤ ዝም ሲል ማሰብ ይቀላል።» ከዚያ አፍንጫውን አነሳ፣ አሸተታት፣ ዓይኑ ጠበበ። «እመት አህዪት፣ ጥላው አልቋል እንዴ?»

አህያ ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቷታል። አላለቀም ብትለው ሕጉ ይጠብቃታል፤ እሱ ግን ዘበኛ ሆኖ ከበሩ አይነሳም። አልቋል ብትለው ከበሩ ይነሳል፤ ሕጉም አብሮት ይነሳል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እሷ ደግሞ ባልም የላትም።

«አልቋል» አለች። «ዘበኝነትህም አልቋል። ተነስ ከበሩ።»

ጅብ ሊያምን አልቻለም። «እንደዚያ ከሆነ እኮ እራቴ አንቺ ነሽ።»

«ድርቆሹን የጫንኩት እኔ ነኝ፤ እስካወርደው ብቻ ጠብቀኝ።»

ጀርባዋን ሰጠችው። ጀርባውን ለጅብ የሰጠ አህያ ከዚያ በፊት አልተሰማም። ድንጋዩን በግንባሯ ገፍታ አንከባለለች። የመጀመሪያውን እስር በጥርሷ ጎትታ ጣለች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከኋላዋ የጅብ ትንፋሽ ጭኗን ያሞቀዋል፤ «ይቺኛዋ ጭን፣ ወይስ ያቺኛዋ» እያለ ሲመርጥ ትሰማለች። አራተኛ። አምስተኛ። ስድስተኛውን ስትስበው ዋሻው አፍኖ የያዘውን ጭስ በአንድ ጊዜ አስነጠሰ። ጭሱ በእሷ ራስ ላይ አልፎ የጅብን የተከፈተ አፍ ሞላው። ጅብ እንባው እየፈሰሰ፣ እያሳለ፣ ከቄጠማው ወዲያ ጠፋ።

በሩ ሥር፣ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቃ፣ ኤሊ ነበረች። አንገቷም እግሮቿም ወደ ውስጥ ገብተዋል። የድንጋይ ልብሷ ጠቁሯል፤ መካከሉ ተሰንጥቋል። እመት አህዪት በአፍንጫዋ እየገፋች ወደ ሣሩ አወጣቻትና ከአጠገቧ ተንበረከከች።

ረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ነፋስ በቄጠማው ውስጥ ይሄዳል። ከዚያ አንድ እግር ብቅ አለ።

«ጭስ ከላይ ነው የሚሄደው» አለች ኤሊ፤ ድምፅዋ ሻክሯል። «አየር ከታች ይቀራል። አጭር መሆን የጠቀመኝ ዛሬ ነው።»

እንስሳቱ ጉብታውን ዞረው መጡ። አንበሳ ተከምሮ የተጣለውን ድርቆሽ አየ።

«ይህን በር ማን ዘጋው?»

ቀበሮ ቀደም አለ። «ጌታዬ፣ ድርቆሽ የምትሸከም አንድ ብቻ ናት። የጀርባዋን ላብ ይመልከቱ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች እመት አህዪት። «ጋሽ ቀበሮ አዘዘኝ፤ የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። ክፍት ናት ብዬ ለእማማ የዋሸሁት ደግሞ ማንም ሳያዘኝ ነው።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «አንተ ስታጫውት መቀመጫህ ከበር በጣም የራቀው ቦታ ይሁን። በሮቹ ክፍት መሆናቸውን ያን ጊዜ ሳይነገርህ ታያለህ። ስተኛ ደግሞ ቀስቅሱኝ፤ እኔን መጠበቅ ሕግ አይደለም።»

ሁሉም ሲሄዱ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች አህያ።

ኤሊ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች። ፀሐይዋ ቄጠማው ውስጥ ገብታ ሣሩን አቀላችው።

«እኔ ሁሉን ነገር ቀስ ብዬ ነው የማደርገው፣ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ይቅርታዬም እንደ እግሬ ነው። ተነስቷል፤ ይደርሳል። አንቺ ብቻ እዚህ በር ላይ ቆመሽ ጠብቂው።»

እመት አህዪትም እስከ ዛሬ በሩ ላይ ቆማለች፤ በሩም ክፍት ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙዎች በሚሰበሰቡበት አሮጌ ቤት ከመቀመጣችን በፊት መውጫውን በራሳችን ዓይን ማየት፣ ጭስ ሲሸተን ማንንም ሳንጠብቅና ድምፃችንን ሳናፍር ጮኸን መውጣት እንዳለብን፣ በር እንድንጠብቅ አደራ ለተሰጠን ደግሞ የዘጋነውን በር «ክፍት ነው» ማለት ከመዝጋቱም የከፋ መሆኑን ነው።

እባካችሁ፣ እኔንም ይቅር በሉኝ።