ሸማኔው መርፌ የያዘ ጊዜ

አንድ ሸማኔ ነበረ። እጁ የተመሰገነ፣ የሠራውን ነጠላ ገበያ ይዞ ሳይወጣ ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚወስድለት ሸማኔ። «ፊደል ለመቁጠር ምን ምን ይዤ ልምጣ?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው የእሱን ነገር የማነሣልህ።

ይህ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ከበቅሎ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ወጌሻው የቻለውን አደረገ፤ አጥንቱም ገጠመ። ቀኝ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አለው። ሸማኔ ደግሞ በእጁ ብቻ አይሠራም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫውን በሁለት እግሩ ካላፈራረቀ ድሩ አይከፈትም፣ መወርወሪያውም አያልፍም። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ ሚስቱ ብብቱን ይዛ ከጉድጓዱ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይውል ጀመር። ሚስቱ ለጎረቤት ጥጥ እየፈተለች ቤቱን ያዘች።

አንድ ቀን፣ «እግርህ እምቢ አለ እንጂ እጅህ ደህና ነው። ለምን ጥልፍ አትማርም?» አለችው።

በዚያ ከተማ በግቢዋ ሴቶችን ሰብስባ ጥልፍ የምታስተምር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ለዓመታት ከእሱ ሸማ ስትገዛ ኖራለች፤ እሱም በመጣች ቁጥር «አንቺ ደግሞ ንጹሑን ሸማዬን ቀለም ልትለቀልቂው ነው» እያለ ሲያላግጥባት ኖሯል። እሷ ፈገግ ብላ፣ ከፍላ ትሄድ ነበር። አሁን እሷ ፊት መርፌ ይዞ መቀመጥ ከስብራቱ በላይ ከበደው። ቢሆንም ሁለት ሳምንት አስቦ፣ ሚስቱን ላከባት።

ደብሪቱ መጣች። «ምን ምን ያስፈልገኛል?» አላት።

«ለጀማሪ ብዙ አያስፈልግም» አለችው። «ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ፣ ሁለት ይበቃዎታል። የጥልፍ ክር፤ ጫፉን ቆርጠው መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፣ ቀለሙን ከለቀቀ ለባለሱቁ ይመልሱለት። ቁራጭ አቡጀዲ፣ ታጥቦ የደረቀ፤ ሳይታጠብ ከጠለፉበት በኋላ ይሰበሰብብዎታል። ንድፉን የሚሥሉበት እርሳስ፣ ጫፉ የሾለ ትንሽ መቀስ። ደግሞ ጨርቁን የሚወጥር ቀለበት፣ አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ ሁለት የእንጨት ክብ ነው። ክሩን ከአንድ ክንድ አያስበልጡት፤ ከረዘመ ይቋጠራል።»

እሱም ከነገረችው የተሻለውን እያስመረጠ አስገዛ። መርፌው ከነማኅደሩ መጣ፤ ቀለበቱ የተወለወለ ነበር። ሁሉ ነገር ከተሟላ በኋላ፣ «አንድ ነገር ብቻ» አላት፤ «ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ አልቀመጥም። እዚሁ ቤቴ እየመጣሽ አሳዪኝ፤ ለብቻዬ እሠራለሁ።»

ደብሪቱ «እንደ ፈቃድዎ» ብላ የመጀመሪያውን አጠላለፍ አሳየችው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር።

ሸማኔው ትጉህ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይወጋል፣ ይስባል። ነገር ግን እጁ የሸማኔ እጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማጥበቅን ለምዷል። እያንዳንዱን ክር ሊበጠስ ጥቂት እስኪቀረው ይስበዋል። ጨርቁ ቀለበቱ ላይ ተወጥሮ ሳለ አበባው ያምራል፤ ከቀለበቱ ሲወጣ ግን ዙሪያውን ይጨማደዳል። «ቀለበቱ ጠማማ ነው» አለና ሌላ አስገዛ። ቀጥሎ መርፌውን ለወጠ። ክሩንም ለወጠ። ሚስቱ አንድ ቀን ጨርቁን አንሥታ «ምነው ተኮማተረ?» ብትለው ከእጇ ነጠቃት። የተበላሸውን ሁሉ ፍራሹ ሥር ይከተዋል፤ ቅዳሜ ለደብሪቱ የሚያሳያት ገና ከቀለበቱ ያልወጣውን ብቻ ነው። አንድ ሁለቴ «አውጥተው ያሳዩኝ» ብላው ነበር። «ገና አላለቀም» አላት። እሷም አልጨቀጨቀችውም፤ ባየችው ላይ ሌላ እየጨመረች ታስተምረዋለች።

በሦስተኛው ወር ደብሪቱ ሥራ በዛባት። በጥምቀት ማግስት የምትዳር አንዲት ሙሽራ ቀሚስ ነበረ፤ «የደረቱን ጥልፍ እርስዎ ይሥሩት» ብላ ሰጠችው። ከወደቀ ወዲህ ሥራ ብሎ የሰጠው ሰው አልነበረምና ልቡ ተነሣ። በአሥር ቀን ጨረሰው። ከቀለበቱ ሲያወጣው የቀሚሱ ደረት ከአንገት እስከ ወገብ ተጨማዶ ቀረ። በእጁ ዳበሰው፤ ካውያ አስደረገበት። አልቃና አለ። ሠርጉ አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

ያን ቀን ጠዋት ብዙ አሰበ። «ሸማው ሲሠራ ድሩ አልጠበቀም» ሊል ይችል ነበር፤ በሸማ ነገር እሱ ያለውን የሚከራከር የለም። ቃሉን እንኳ አሰናድቶ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ብሎ ቢያመልጥ ሌላ ቀሚስ ይሰጠዋል፤ ያንንም ያጨማድደዋል፤ ለምን እንደሚያጨማድደውም አያውቅም።

ተነሣና ሚስቱን «ፍራሹ ሥር ያለውን ሁሉ ዘንቢል ውስጥ ክተቺልኝ» አላት። ቀሚሱን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ፣ በምርኩዙ እየተደገፈ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈሩን አቋርጦ ደብሪቱ ግቢ ደረሰ። ስምንት ሴቶች ምንጣፍ ላይ ሆነው ይጠልፋሉ። ሲያዩት ሥራቸውን አቆሙ። ቀሚሱን ፊታቸው ዘረጋው፤ ዘንቢሉንም ገለበጠው።

«ቀሚሱን አበላሽቼዋለሁ» አለ። «እነዚህንም ደብቄ ነበር። ምኑ ላይ እንደምስት አላውቅም። እትዬ ደብሪቱ፣ እባክዎ ያሳዩኝ።» እስከዚያ ቀን «አንቺ» ነበር የሚላት።

ደብሪቱ አልተቆጣችም። ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያነሣች ለሴቶቹ አዞረች። ከመካከላቸው አንዷ፣ የአናጢ ሚስት፣ አንዱን ጨርቅ ገልብጣ አየችና፣ «ይጎትታሉ፣ ጋሼ» አለችው። «ክሩ ጨርቁ ላይ ዐረፍ ሲል ይተዉት። እኔም አንድ ወር እንዲሁ ስጎትት ነበር፤ እነዚህ ናቸው የነገሩኝ።»

ሸማኔው ጨርቁን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «የት ልቀመጥ?» አለ።

እግሩ ስለማይታጠፍ በርጩማ አምጥተው ከአናጢው ሚስት አጠገብ አስቀመጡት። ሴቶቹ የተበላሸውን ጥልፍ በመቀስ ጫፍ እየፈቱ አወጡት፤ ተከፋፍለውም እንደገና ጠለፉት። ሙሽራዋ በቀኗ ለበሰችው። እሱ በዚያ ሳምንት ቀሚሱን አልነካም። ቁራጭ አቡጀዲ ላይ እየጠለፈ፣ ከቀለበቱ ባወጣ ቁጥር ለአናጢው ሚስት ያቀብላታል። «እዚህ ጋ ጎትተዋል» ትለዋለች፤ ይፈታዋል፤ ደግሞ ይጀምራል። ለፋሲካ አንድ ሙሉ ቀሚስ ተሰጠውና ሳይጨማደድ አስረከበ። ከከተማው ጠላፊዎች ሁሉ በለጠ አልልህም። ቤቱን ግን አስተዳደረበት፤ ሚስቱም ለሰው መፍተሏን ተወች።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ወደ አንተ ልመለስ። አንተ የዕድር ዳኛ ነህ። የተጣላ የምታስታርቅበት ቃል አለህ፤ ቃለ ጉባኤውን ግን ሌላ ሰው ያነብልሃል፣ አንተ በአሻራህ ትፈርማለህ። ምን ይዤ ልምጣ ላልከኝ፣ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ነው፤ የትም ሱቅ ታገኘዋለህ። ነገር ግን ስትወጣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ሌሎቹ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ ለብቻዬ ብመጣስ?» ያልከኝንም ሰምቻለሁ። ለብቻህ ብትመጣ ያወቅኸውን ጮክ ብለህ ታነብልኛለህ፤ ያላወቅኸውን እያሳልክ ታልፈዋለህ፤ እኔም ዕድሜህን አክብሬ ዝም እልሃለሁ። ሸማኔውን ሦስት ወር ሙሉ ወደ ኋላ ያስቀረው የመርፌና የክር እጦት አልነበረም። ስሕተቱን የሚያይለት ሰው አጥቶ ነው፤ ያጣውም ሥራውን ራሱ ስለ ደበቀ ነው። ፊደልም እንዲሁ ነው፤ ሰው እየሰማህ ካልሳትክ አትታረምም።

ሰኞ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ና። ቦታህ በሥጋ ሻጩና በጉልት ነጋዴዋ መካከል ነው፤ ሁለቱም ገና «ቀ»ን ከ«ተ» እያምታቱ ነው።