ቀኝ ሰንደሉ የራሱ፣ ግራው የሰው

አንድ ሰው ነበር። የዚሁ የባሕር ዳር ሰው ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ከመካከላችሁ ስለሚቀመጥ ታፈጡበታላችሁ። ይህ ሰው አንድ ሳይክል ነበረችው። ሳይክሏ ግን የእሱ አልነበረችም።

እንዴት ነው ነገሩ? ስሙኝ።

አባቱ ዳንግላ ውስጥ ድሬሰር ነበሩ። በየገጠሩ በዚህች ሳይክል እየዞሩ ክትባት ይወጉ ነበር፣ ቁስል ያጥቡ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ "ሳይክሏ ለይበልጣል ትሁን" አሉ። ይበልጣል ታላቁ ልጃቸው ነው። ታናሹ፣ ይህ የእኛ ሰው፣ ምን አደረገ? የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት ሳይክሏን አውቶቡስ አናት ላይ ጭኖ ባሕር ዳር ገባ። "እዚያ ዝገት ሊበላት ነው፤ እኔ እጠቀምባታለሁ" አለ። ታላቁን አልጠየቀም። ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለት የአንድ እናት ልጆች ተዘጋጉ። በሳይክል!

አትሳቁ። እናንተ በምን በምን እንደተኳረፋችሁ አውቃለሁ። በአጥር የተኳረፈ እዚህ አለ። የሰርግ ጥሪ ወረቀት ቀረብኝ ብሎ የተኳረፈም አለ፤ አሁን አንገቱን የደፋው።

አምና መስከረም ላይ ሰውየው ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። መምሬ ፈንቴ ይባላሉ። መቁረብ ፈልጎ ነው። መምሬም አሉት፦ "መጀመሪያ ሳይክሏን መልስ። በመኪና ጭነህ እንዳትልካት፤ ራስህ ነድተህ ውሰዳት። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ወንድምህ ደጅ ቁም። ያን ጊዜ ና።"

ከዚህ ዳንግላ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገት አለው፣ ፀሐይ አለው። ሰውየው ግን "እሺ አባቴ" አለ። ጉልበት ስሞ ወጣ።

በማግስቱ ሄደ? አልሄደም። ለምን አልሄደም? ጫማ የለውማ!

ያለው ሽፍን ጫማ ነው። "በሽፍን ጫማ ያን ሁሉ መንገድ ብነዳ እግሬ ይቀቀላል፤ የሚመች ሰንደል ልግዛ" አለ። መልካም። ለረጅም መንገድ ጫማ መምረጥ ኃጢአት አይደለም፤ እሱን እያወገዝኩ አይደለም፣ ልብ በሉልኝ።

ሳይክል ጠጋኙ አንሙት ዘንድ ሄዶ ምክር ጠየቀ።

"ሶሉ ድርቅ ያለ ይሁን" አለው አንሙት። "ለስላሳ ከሆነ ፔዳሉ ውስጥ እግርህን ይበላሃል።"

ድርቅ ያለ ገዛ። እስከ ዓባይ ድልድይ ነድቶ ሲመለስ ውስጥ እግሩ ደንዝዞ መቆም አቃተው። ሚስቱ እማዋይሽ አየችውና፣ "አንተ ሰው፣ ጣውላ ላይ ቆመህ ነው እንዴ ዳንግላ የምትደርሰው? ለስለስ ያለ ግዛ እንጂ!" አለችው።

ለስላሳ ገዛ። እግሩ ተመቸው። ዳገት ላይ ሲረግጥ ግን ጫማው ይተጣጠፋል፤ ጉልበቱን ጫማው ይበላዋል። አንዱ መጥቶ "ጣትህ ክፍት አይሁን፣ ድንጋይ ይመታሃል" አለው። ፊቱ የተሸፈነ ሰንደል ገዛ። ሌላው "እግር በመንገድ ያብጣል፤ አንድ ቁጥር አስበልጥ" አለው። አስበለጠ። ተረከዙ እየወጣ አስቸገረው። "የኋላ ማሰሪያ አስደርግበታ!" አሉት። አስደረገበት፤ ማሰሪያው ላጠው። "ካልሲ አድርግበታ!" አሉት። ካልሲ በሰንደል! "ሰው ምን ይለኛል?" አለ።

ግራ ገባው። አንሙትን ሲሰማ እማዋይሽ ትክክል ትመስለዋለች፤ እማዋይሽን ሲሰማ አንሙት። አልጋው ሥር አራት ጥንድ ሰንደል ተደረደረ። እማዋይሽም፣ "ሱቅ ልትከፍት ከሆነ ንገረኝ፣ በሩን ላስፋልህ" ትለው ጀመር።

መስከረም ሄደ። ጥቅምት ሄደ። አንድ ቀን መምሬ ፈንቴ መንገድ ላይ አገኙት።

"ሄድክ?"

"አባቴ፣ ሰንደል እየመረጥኩ ነው።"

"እስካሁን?"

"የሚሆነኝን አጣሁ አባቴ።"

መምሬ እሱን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ ሄዱ። እሳቸውም ግራ ገባቸው መሰለኝ።

እስቲ እኔ ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ያጣው ሰንደል ነው? አላውቅም አትበሉኝ። እሱ ግን እውነትም አያውቅም ነበር። በኋላ ራሱ ሲነግረኝ እንዲህ አለ፦ "መምህር፣ የቸገረኝ ጫማ ብቻ መስሎኝ ነበር። አምስተኛውን ስለካ ግን ልክክ አለልኝ። ማሰሪያው አይልጥ፣ ሶሉ አይታጠፍ፣ ሁሉ ነገሩ ልክ! ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ መሰልዎት? ደነገጥኩ!"

የተመቸው ዕለት ደነገጠ! ለምን? ሰበቡ አለቀበት። ይህ ሰው የሚፈራው ዳገቱን አልነበረም፤ ወንድሙን ነበር። "ሳይክሏን ተቀብሎ በሩን ፊቴ ላይ ቢዘጋብኝስ? የአባታችንን ነገር አንሥቶ ቢያስለቅሰኝስ?" ይህ ነው ሁለት ወር ሙሉ እግሩን ሲልጠው የነበረው።

እንግዲህ ኅዳር አሥራ አራት፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። ሳይክሏን ከዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር አቆመ። አምስተኛውን ቡናማ ሰንደል በር ላይ አውልቆ ኪዳን ሊጸልይ ገባ። ጸሎቱ ሲያልቅ አንድ ሰባኪ ዐጭር ትምህርት ሰጠ። ስለ ምን አስተማረ መሰላችሁ? ስለ ማስተዋል።

ሰውየው ወጣ። ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ አለ። ቀኙ አለ። ግራው የለም። በግራው ቦታ ሌላ ሰንደል ተቀምጧል። ቡናማ ነው፣ ማሰሪያ አለው፣ ግን አሮጌ ነው፤ ተረከዙ ወዳንድ ወገን ተበልቷል።

በቤተ ክርስቲያን በር ጫማ ሲቀየር አዲስ አይደለም፤ ያልደረሰበት ማን አለ? የሚቀየረው ግን ጥንዱ ነው እንጂ! አንዱን ትቶ አንዱን የሚወስድ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌባ እንኳ እንዲህ አያደርግም።

ቆመ። ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እሱ እንደቆመ ነው። "ይሄ ምልክት ነው፤ አትሂድ ሲለኝ ነው" አለ። መለስ ብሎ ደግሞ "ሰይጣን መንገዴን ሊያደናቅፍ ይሆን?" አለ። የሰው ጫማ አጥልቆ ቢሄድ ሰረቀ ሊባል ነው። ባዶ እግሩን ቢነዳ የፔዳሉ ጥርስ እግሩን ሊበላው ነው። ቤቱ ተመልሶ ከአራቱ አንዱን ያምጣ? ቤቱ ከገባ እንደማይወጣ ልቡ ያውቃል። ቸገረው፣ ፈጽሞ ቸገረው።

ጥበቃው አባ ውቤ መጥረጊያ ይዘው መጡ።

"ምን ገትሮህ ነው?"

"አባ፣ ጫማዬ ተቀየረብኝ። አንዱ ብቻ። ዳንግላ ልሄድ ነበር።"

አባ ውቤ ጎንበስ ብለው አዩ። "ስንት እግር አለህ?" አሉት።

"ሁለት።"

"ስንት ጫማ አለ?"

"ሁለት።"

"ታዲያ ምን ጎደለህ? ባለቤቱ ከመጣ ጫማህ ዳንግላ ሄዷል፣ ይመለሳል እለዋለሁ። በል ዞር በል፣ ልጥረግበት።"

ዞር አለ። አጥልቆ ሄደ።

አሁን ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። "የመረጣት ላጠችው፣ የሰው ያረጀችው ተመቸችው ሊለን ነው" ብላችኋል። ኧረ የለም! ሁለቱም ላጡት። ያቺ ልክክ ያለችው የቀኝ አውራ ጣቱን ውሃ አስቋጠረችው። ያቺ የሰው ደግሞ ሰፍታው ተረከዙን ላጠችው። መራዊ ላይ ልመለስ አለ። ዱርቤቴ ላይ ልመለስ አለ። ዳገቱን ከሳይክሏ ወርዶ እየገፋ ወጣው። በሀገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል አይደል? ይኼኛው ሳይክል እየገፋ እያነከሰ ሄደ።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ዳንግላ ደረሰ። ይበልጣል ደጁ ላይ ቆሞ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ቀና ሲል መጀመሪያ ሳይክሏን አየ፤ ከዚያ ወንድሙን። መጥረቢያውን አስቀመጠ።   ይበልጣል አንገቱን ሲደፋ ዓይኑ የወንድሙ እግር ላይ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጫማ ነው ጋሼ።"

"ግራው የማን ነው?"

"አላውቅም።"

ይበልጣልን ሳቅ አመለጠው። ዘጠኝ ዓመት ያልተሳቀ ሳቅ። ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። "አንተ ልጅ" አለ፣ "ይህን ያህል ቸኮልክ? ጫማህን እንኳ ሳታይ ነው ወደ እኔ የሮጥከው?" ገብቶ በሳፋ ውሃ አመጣ። ታላቅ የታናሹን እግር ሊያጥብ በርከክ አለ።

አቤት! አሁን ይህ ሰው ምን ይበል? "አዎ ጋሼ፣ ቸኩዬ ነው" ቢል ማን ያውቅበታል? ነገሩ እኮ ያማረ ነበር! እግሩ ውሃው ውስጥ ነው። እውነቱን ቢናገር ይህችን ደስታ ሊያበላሻት ነው። ዝም ቢል በውሸት ሊታረቅ ነው። እንደገና ግራ ገባው። እናንተስ ብትሆኑ?

"ጋሼ" አለ፣ "አልቸኮልኩም። ከመስከረም ጀምሮ ጫማ ስመርጥ ነው የከረምኩት። አምስት ጥንድ ገዛሁ። ፈርቼህ ነው። ግራው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የተቀየረብኝ።"

የይበልጣል እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።  ታናሹ ሳፋው የሚደፋ መስሎት ነበር።

"ከዚህ ባሕር ዳር በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው" አለ ይበልጣል። "አውቶቡሱ በደጄ ነው የሚያልፈው። ዘጠኝ ዓመት አልተሳፈርኩም። እኔ እንኳ ጫማም አልገዛሁ።" ከዚያ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና፣ "ሌላኛውን እግርህን አምጣ" አለ።

በአራተኛው ቀን ሰውየው በአውቶቡስ ተመለሰ፤ ያለ ሳይክል። ያቺን አሮጌ ግራ ሰንደል አጥቦ፣ በላስቲክ ይዞ፣ እዚህ በር ላይ ቆመ። ለሚወጣው ሁሉ "የማን ናት? የማን ናት?" ይላል። እኔም ስወጣ አየኋት።

የኔ ናት።

ሳቁ፣ ሳቁ! ስለ ማስተዋል ያስተማረው ሰባኪ እኔ ነኝ። መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ ቡናማ ያየሁትን አጥልቄ ሄድኩ። አራት ቀን ሙሉ ግራ ጫማዬ ጠበበኝ። "አብጧል፣ ይሄ በሽታ ነው" ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩላችሁ! ነርሷ እግሬን አገላብጣ አይታ፣ "መምህር፣ እግርዎ ደህና ነው፤ የታመመው ጫማዎ ነው" አለችኝ። ያኔ ነው ዝቅ ብዬ ያየሁት።

ሰውየው ይህን ሁሉ አጫውቶኝ ሲያበቃ፣ "ታዲያ እግዚአብሔር ነው የቀየረው ትላለህ?" አልኩት። "እኔ ምን አውቃለሁ መምህር፣ የቀየሩት እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ወገኖቼ፣ ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። የራሴን ዝንጉነት የእግዚአብሔር ሥራ ብዬ ልሸፍነው አልደፍርም። እግዚአብሔር አልነበረበትም ለማለትም አልደፍርም። ግራ እንደገባኝ አለሁ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ያ ሰው ጫማ ሲያማርጥ አልሄደም፤ ግራ ገብቶት፣ አንዱ እግሩ የሰው ጫማ አጥልቆ ሄደ። ሲደርስም ወንድሙ ያጠበው ጫማውን ሳይሆን የተላጠ እግሩን ነው።

እናንተስ? እናንተ ስንት ጥንድ ደርድራችኋል? "ልጄ ይመረቅና እሄዳለሁ።" "ክረምቱ ይውጣና።" "መጀመሪያ ምን ብዬ እንደምጀምር ላስብ።" አንቺ እናቴ፣ እህትሽን ይቅርታ የምትዪበትን ቃል ስትመርጪ ስንት መስከረም ጠባ? አንተስ፣ አባትህ ዘንድ ለመሄድ ምን እስኪመችህ ነው የምትጠብቀው? በዚያ መንገድ የማይልጥ ጫማ የለም። እኔ አላየሁም፤ ያየ ካለ ይንገረኝ።

አሁን ጸሎት አድርሰን እንወጣለን። ጫማችሁ በር ላይ ናት። እኔ ዛሬ መነጽሬን አድርጌያለሁ፤ የማንንም ጫማ አልቀይርም። ስለዚህ በር ላይ ቆማችሁ ምልክት አትጠብቁ። አባ ውቤም መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ዞር በሉ ይሏችኋል። ሁለት እግር አላችሁ፣ ሁለት ጫማ አላችሁ። ሂዱ። ቢልጣችሁም ሂዱ። ማን ያውቃል፣ እዚያ ደጅ ላይ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ሲያልፈው የኖረ፣ የሚያጥበው እግር ያጣ ሰው አለ።