ትርንጎ ያረመቻት አንዲት መስመር

«ንገረን» በሉኝና ልንገራችሁ። ለአንድ ጤና ጣቢያ ፕሮግራም በሚሠራ ቢሮ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ፕሮግራመር ነበረች። አንዲት መስመር ኮድ አርማ፣ አንድ ሰው እንዲያይላት ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተር ፋይል ከመጻፉ በፊት ሊጽፍ ያሰበውን በመዝገብ ይይዛል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ መዝገቡን አንብቦ የጀመረውን ይጨርሳል። የተጀመረውን ሥራ የሚከታተል ቆጣሪም አለ፤ ይህ ቆጣሪ ግን ያላለቀውን «አልቋል» ማለት ለምዷል። የትርንጎ መስመር «ቆይ፣ አላለቀም» ታሰኘዋለች። ነገ ሐሙስ ደግሞ ምሰሶ ሊቀየር መብራት ይጠፋል፤ የጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡሮች ካርድ ሁሉ ያለው በዚህ ቆጣሪ እጅ ነው።

ወደ ገምጋሚው ሄደች። «ጋሽ ዘርፉ፣ አንዴ ይዩልኝ።»

«ስንዱ ሳትፈትነው? ዓይኔን ሜዳ ላይ አገኘሁት እንዴ!»

ወደ ፈታኟ ሄደች። «ስንዱዬ፣ ፈትኚልኝ፤ ካልፈተንሽ ጋሽ ዘርፉ አያዩም፤ ካላዩ መስመሬ አትገባም።»

«በምን ማሽን? ደባልቄ ቆልፎበት! በጥፍሬ ልፈትንልሽ?»

ወደ ማሽን ጠባቂው ሄደች። «ደባልቄ፣ ክፈት፤ ካልከፈትክ ስንዱ አትፈትንም፤ ካልፈተነች ጋሽ ዘርፉ አያዩም፤ ካላዩ መስመሬ አትገባም።»

«ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለሽ? ባለፈው በቃል ከፍቼ የደረሰብኝን ረሳሽው?»

ወደ ኃላፊው ሄደች። «አቶ ምትኩ፣ ይፈርሙልኝ፤ ካልፈረሙ ደባልቄ አይከፍትም፤ ካልከፈተ ስንዱ አትፈትንም፤ ካልፈተነች ጋሽ ዘርፉ አያዩም፤ ካላዩ መስመሬ አትገባም።»

አቶ ምትኩ ከሪፖርታቸው ቀና አላሉም። ሪፖርቱ «የመዝገቡ ችግር መቶ በመቶ አልቋል» ይላል። «ዘርፉ ያላየውን እኔ ልፈርም? ደግሞስ ምኑ ይታያል፣ አልቋል እኮ!»

ቆጣሪውን ማን እንዳስተማረው ትርንጎ ያኔ ገባት።

ይሄን ጊዜ መብራቱ ድርግም አለ። ወዲያው መጣ። የአቶ ምትኩ ሃያ ገጽ ሪፖርት ግን አልመጣም፤ ያው ቆጣሪ በእሳቸውም ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ሳያስቀምጥ «አልቋል» ብሏቸዋል።

«የት አለች ያቺ መስመር!»

አቶ ምትኩ ፈረሙ፤ ስለፈረሙ ደባልቄ ከፈተ፤ ስለከፈተ ስንዱ ፈተነች፤ ስለፈተነች ጋሽ ዘርፉ አዩ። «ይህችው ናት? ታዲያ ምነው እስካሁን!» አሉ ጋሽ ዘርፉ፣ ጭራሽ ተቆጥተው። መስመሯ ገባች።

ሐሙስ መብራት ጠፋ፣ መጣ፤ ከካርዶቹ አንዲት አልጎደለችም። አቶ ምትኩም ሪፖርታቸውን እንደ አዲስ ጻፉ። ያው «በቅርብ ክትትሌ አልቋል» የሚል ነው። ልዩነቱ፣ አሁን በእርግጥ ማለቁ ነው፤ እሱንም ያወቁት ትርንጎና ቆጣሪው ብቻ ናቸው።

ተረቴን መልሱ፤ መብራት ሳይጠፋ ድረሱ።