የይመር አንጓና የአቶ ልሳነወርቅ ሰዓት

አንድ ቀን፣ ያውም ሰኞ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ሆቴል ያላቸው አቶ ልሳነወርቅ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ አዳራሽ ሰበሰቡ። ከዱባይ በገቡ በማግስቱ ስለነበር ሁሉም ስጦታ ጠብቋል። እንዲህ በመጠበቃቸው ግን ራሳቸውም ሳይገረሙ አልቀሩም። ምክንያቱም ሰውዬው እንኳን ለሠራተኛ ለገዛ ሆዳቸውም የሚሳሱ፣ ሰው ቤት ሻይ ሲጠጡ የተረፈውን ስኳር በኪሳቸው ይዘው የሚወጡ ናቸው። ደግሞም የማያውቁት ነገር የለም። ለወጥ ቤቷ ስለ ጨው ያስተምራሉ፣ ለሹፌሩ ስለ ፍሬን ያስረዳሉ፤ የጥርስ ሐኪም እንኳ ሆቴላቸው ሊያርፍ ቢመጣ ስለ መንጋጋ ትንሽ ሳይነግሩት የክፍሉን ቁልፍ አይሰጡትም።

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ካርቶን ሲከፈት ጥቁር ጥቁር ስማርት ሰዓቶች ወጡ።

«ይሄ ሰዓት ጊዜ ብቻ አይቆጥርም» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ አንዱን ከፍ አድርገው እያሳዩ። «እርምጃ ይቆጥራል። የልብ ምት ይቆጥራል። ስትቀመጡ ያውቃል፣ ስትቆሙ ያውቃል። ያወቀውን ሁሉ ደግሞ እዚህ ለእኔ ይነግረኛል።» የስልካቸውን መስታወት በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ቤታችሁም ስትሄዱ አይፈታም፤ የፈታ ይሰናበታል። ቻርጅ የሚደረገው በሳምንት አንዴ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ እኔ ቢሮ ውስጥ፣ እኔ ፊት ነው።»

ሠራተኛው በየተራ እየቀረበ እጁን ዘረጋ። የልብስ አጣቢው የይመር ተራ ደረሰ። ይመር ከግቢው ጀርባ ባለችው ጠባብ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላና ፎጣ ሲያጥብ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ቁመቱ አጠር፣ ምላሱ ዘለግ ያለ ሰው ነው። ሁለት ሴት ልጆቹን የሚያስተምረው በዚሁ ሥራ ስለሆነ ምላሱን አብዛኛውን ጊዜ በጥርሱ ይዞ ይውላል፤ አንዳንዴ ግን ያመልጠዋል።

«ጠበቅ አድርገህ እሰረው» አሉት አቶ ልሳነወርቅ። «ካልጠበቀ ልብህን አያነብም።»

«ባያነበው ነው የሚሻለው ጋሼ» አለ ይመር። «ልቤን ያነበበ ቀን እኔም እሱም ከሥራ እንባረራለን።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አቶ ልሳነወርቅ ግን አልሳቁም። የይመርን እጅ ሳብ አድርገው ማሰሪያውን በራሳቸው እጅ አንድ ቀዳዳ ጨምረው አጠበቁት።

መከራው የጀመረው ያን ሳምንት ነው። ይመር ቀኑን ሙሉ እጁ ከውሃ አይወጣም። ማሽን ቢኖርም ነጩ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በእጅ፣ በሳሙናና በበረኪና መታሸት አለበት። ሳሙናው በላስቲኩ ማሰሪያ ሥር እየገባ እዚያው ይቀራል፤ ላቡ ይጨመርበታል፤ ከላይ ደግሞ ላስቲኩ አፍኖ ይይዘዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንጓውን አሳከከው። በሁለተኛው ዙሪያውን ቀላ። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳው ውሃ ቋጠረ፣ ሕመሙም ከአንጓው ተነስቶ ወደ ክርኑ ይወጣ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ ደንዝዘው ስለሚነሱ የልጆቹን የጫማ ክር ማሰር አቅቶት ትልቋ ልጅ ለትንሿ ማሰር ጀመረች። ቻርጅ ሲደረግ ሰዓቱን ወደ ቀኝ እጁ ቢያዞረው ቀኙም እንደ ግራው ሆነ፤ መልሶ ወደ ግራው አዞረው።

አንድ ቀን ብልሃት መስሎት ከሰዓቱ ሥር ስስ ጨርቅ ጣል አደረገ። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ አቶ ልሳነወርቅ ስልካቸውን ይዘው እያለከለኩ ላውንደሪው በር ላይ ደረሱ።

«ይመር! ልብህ ቆሟል ይላል እኮ!»

«ልቤ ቢቆምም ችግር የለም ጋሼ፤ እጄ እየሠራ ነው» አለ ይመር፣ አንሶላውን እያሸ። «ለእርስዎ የሚያስፈልገው እሱ ነው።»

ጨርቁን አስወጥተውት ሄዱ። ይመር ሞተ ወይስ አልሞተም ብለው አልጠየቁም።

ሕመሙ ሲብስበት ቢሯቸው ሄዶ እጁን ዘረጋላቸው። «ጋሼ፣ ይመልከቱልኝ። ከሰዓቱ ሥር ሽፍታ ወጣብኝ።»

«ሽፍታ ከወጣብህ ለፖሊስ አመልክት» አሉትና በራሳቸው ቀልድ ወንበራቸው እስኪንጫጫ ሳቁ። በዚህች ቀልድ በጣም ስለኮሩ ለሦስት ቀን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያወሩት ሰነበቱ።

ከይመር ጋር በካውያ የምትሠራው ዘነቡ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላየችውም። ፎጣ ሲጨምቅ ፊቱ ሲጨማደድ ስታይ ሰንብታለችና አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሲስተሯ አንጓውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና ቅባት ሰጠችው። በወረቀትም ላይ «ለሁለት ሳምንት ክንዱ ላይ ምንም ነገር እንዳያስር» ብላ ጻፈችለት፣ ማኅተምም አደረገችበት።

አቶ ልሳነወርቅ ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያ ስልካቸውን አነበቡ።

«የልብ ምት ሰባ ሁለት» አሉ። «ኦክስጅን ዘጠና ሰባት። ሰዓቱ ደህና ነህ ይላል።»

«እኔ ግን አመመኝ እላለሁ ጋሼ።»

«ሲስተሯ ስንት ደቂቃ አየችህ?»

«አምስት ደቂቃ ብትሆን ነው።»

«ይሄ ሰዓት ከአንተ ጋር የኖረው ከአምስት ሳምንት በላይ ነው። አምስት ደቂቃ ካየችህ ሰው እና ከአምስት ሳምንት በላይ ካየህ ማሽን ማንን ልመን? ሂድ ሥራህን ሥራ። ሰዓቱ አይዋሽም።»

ይመር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።  

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ፎጣ ሊጨምቅ ሲል እጁ እምቢ አለው። ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ እንደ ጋለ ሽቦ ነደደ፣ ፎጣውም ሳይጨመቅ ከእጁ ወደቀ። ይመር የወደቀውን ፎጣ አየ፣ በሩን አየ፣ ዘነቡን አየ። ከዚያ ሰዓቱን ቀስ ብሎ ፈታው። ነፋስ የነካው ቆዳ መጀመሪያ አቃጠለው፣ ወዲያው ደግሞ በረድ አለ። ለረጅም ጊዜ ያልተነፈሰ ሰው ይመስል እፎይ አለ።

«አብደሃል? አሁን ይመጣሉ እኮ!» አለች ዘነቡ።

«አይመጡም» አለ ይመር። «እሳቸው የሚፈልጉት የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ እዚህ ቤት ከእኔ የበለጠ የሚንቀሳቀስ ሞልቷል።»

ማሽኑ ያረጀ ነው። ሲሽከረከር ከቦታው እየተነሳ ግድግዳውን ይደበድባል። ይመር ሰዓቱን ከማሽኑ ጀርባ ባለው የውሃ ጎማ ላይ ጠቅልሎ አሰረውና ማሽኑን አስነሳ። ጎማው በማሽኑ መጠን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰዓቱም የጎማውን ትርታ ለልብ ምት፣ መንቀጥቀጡን ለእርምጃ ወስዶ መቁጠሩን ቀጠለ።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ልሳነወርቅ ቢሯቸው ቁጭ ብለው ስልካቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ይመር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወዲህ ስልሳ ሺህ እርምጃ ተራምዷል። ሌላ አሠሪ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ትጉህ ነው ብሎ ያመሰግነው ነበር። እሳቸው ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተው እርምጃውን በኪሎ ሜትር መነዘሩት። ከዚያም ደማቸው ፈልቶ ላውንደሪው በር ላይ ደረሱ።

«አርባ አምስት ኪሎ ሜትር! የሐረጎን ዳገት ወጥተህ፣ ደሴ ደርሰህ መጥተሃል! በሥራ ሰዓት! ማን ዘንድ ነው የሄድከው?»

ዘነቡ አፏን በእጇ ያዘች። ይመር ባዶ አንጓውን አረፋው ውስጥ እንደነከረ እግሩን ዝቅ ብሎ አየና «ደሴ ከሄድኩ እንግዲህ እግሬ ብቻውን ነው የሄደው፤ እኔ እዚሁ ነበርኩ» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ሊያሰናብቱት ቆረጡ። ነገር ግን ያለ ሥርዓት ያሰናበቱት ሠራተኛ ነገ እንዳይከሳቸው ስለፈሩ ሕጋዊ መልክ ሊሰጡት አሰቡ። ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ውብእሸት በየቀኑ ምሳቸውን እዚያው ሆቴል ስለሚበሉ፣ ጉዳዩን እንዲሰሙላቸው ለመኗቸው። ዳኛው በሠላሳ ዓመት የችሎት ዘመናቸው ብዙ ቃል የማይወዱ ሰው ስለነበሩ «አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ነገር ከሆነ እሰማለሁ» ብለው ተስማሙ። ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገባ። ይመር ብቻውን ከፊት ባለው ወንበር ተቀመጠ። ሌሊቱን ስለ ልጆቹ ሲያስብ ስላደረ ዓይኑ ቀልቷል።

አቶ ልሳነወርቅ ስልካቸውን እያሳዩ ከሰሱ። ስልሳ ሺህ እርምጃ፣ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር፣ በአራት ሰዓት ውስጥ።

ዳኛው በመነጽራቸው ላይ አይተው «በአራት ሰዓት ውስጥ ሐረጎን በእግሩ ወጥቶ ተመለሰ ነው የሚሉት?» አሉ።

«ሰዓቱ አይዋሽም ክቡር ዳኛ!»

ዘነቡ ከኋላ ተነሳች። «ያን ዕለት አብሬው ነበርኩ። ይመር ከበሩ እንኳ አልወጣም። የተራመደው ማሽኑ ነው። ሰዓቱ የታሰረው ማሽኑ ላይ ነበር» አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ልሳነወርቅ ለአፍታ ደነገጡ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው በራ። ይህኛው ክስ ከቀድሞው እንደሚሻላቸው ገብቷቸዋል።

«እንግዲህ ራሳቸው አመኑ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «ደሴም ይሂድ፣ ማሽን ላይም ይሰረው፣ ለእኔ ልዩነት የለውም! ያለ ፈቃዴ ሰዓቱን ፈትቷል ማለት ነው። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው። የፈታ ይሰናበታል!»

ዘነቡ ልታድነው ብላ የባሰ እንዳስገባችው ሲገባት እዚያው ቁጭ አለች። 

«ይመር» አሉ ዳኛው። «ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱም አጭር ይሁን። ሰዓቱን ፈተሃል ወይስ አልፈታህም?»

ይመር ተነሳ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለና ክንዱን ለዳኛው ዘረጋ። አንጓው ዙሪያውን ቀልቶ፣ ቆዳው ተልጦ፣ አሁንም የማሰሪያው ቀዳዳዎች ምልክት በግልጽ ይታይበት ነበር።

«አልፈታሁትም ክቡር ዳኛ፤ አመለጥኩት» አለ። «ሌባ እንኳ ሲታሰር አርባ ስምንት ሰዓት ሳይሞላው ዳኛ ፊት ይቀርባል። እኔን ግን ይሄ አንድ ሰዓት ብቻውን አርባ ቀን አሰረኝ!»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በሳቅ የመጣ ዕንባቸውን እየጠረጉ «ይፈታ!» ብለው ፈረዱ፤ ብይኑ የተሰጠው ለይመር ብቻ ቢሆንም እስከ ምሳ ድረስ የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ራሱን ከሰዓቱ በዋስ ፈትቶ ጨረሰ።