የወይዘሮ አስካለ ፎቶ

በአንድ ወቅት፣ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ካሜራ ባዩ ቁጥር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ የሚጎትቱ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ እናት ነበሩ። ሰርግ ቤት ፎቶ አንሺው ብቅ ሲል ጓዳ ይገባሉ። “ኧረ ተዉኝ! እሱ ሲያፈጥብኝ ፊቴን ምን ላድርገው?” ይላሉ። ሦስት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱም በእናታቸው ፍቅር ይቀናናሉ።

ታላቋ ትርንጎ ታዛዥ ናት። በእሷ ሰርግ ላይ ፎቶ አንሺው እናቷን ሲስቁ ድንገት አነሳቸው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አፈሩ። “ትርንጎዬ፣ ቅደጅልኝ” አሏት። ትርንጎ ፎቶውን እንደ ነፍሷ ወዳው ነበር፤ ቢሆንም እዚያው ፊት ለፊታቸው ቀደደችው።

መካከለኛዋ የሺወርቅ ደፋር ናት። እናቷ ግቢ ውስጥ ጎመን እየቀነጠሱ ከጎረቤት ጋር ሲሳሳቁ በመስኮት በኩል በስልኳ አነሳቻቸው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ታናሿ ማንጠግቦሽ መለመን አይሰለቻትም። በየበዓሉ “እማዬ፣ አንዴ ብቻ!” ትላለች፤ እንቢ ይሏታል። ሊሞቱ ሰሞን ግን አልጋቸው ላይ ሆነው “እሺ፣ ላንቺ ስል” አሏት። በፎቶው ላይ አንገታቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ፈርቷል። ነጠላው ግን ፊታቸው ላይ የለም።

ወይዘሮ አስካለ አረፉ። እንደ አገሩ ልማድ ከልጆቻቸው አንዷ ፎቷቸውን ከፍ አድርጋ ይዛ በለቀስተኛው ፊት ታለቅሳለች፤ ፎቶውም ለእሷ ይቀራል። ሁለቱ ፎቶዎች በፍሬም ሆነው መጡ። ትርንጎ መኖራቸውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

“ማናችሁ ትያዝ?” አሉ አጎታቸው።

“እኔ። እማዬን የሚመስለው የኔው ነው” አለች የሺወርቅ።

“ያንቺማ የስርቆት ነው! የኔን ግን ፈቅዳልኝ ነው” አለች ማንጠግቦሽ።

ትርንጎን ቅናት አቃጠላት። “ላንቺ ስል” ተብላ አታውቅም። የሺወርቅ ፎቶ ላይ ያለውን ሳቅ ስታይ ደግሞ በገዛ እጇ የቀደደችው ያው ሳቅ መሆኑን አወቀችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

“ባዶ እጄን ያስቀረኝ እሷን መታዘዜ ነው” አለች። “ከሁለቱ አንዱን ስጡኝ፤ የምይዘው እኔ ነኝ!”

እህቶቿ ፍሬሞቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣበቁ። ለቀስተኛው በር ላይ ደርሷል፤ አጎትየውም ወደ እናንተ ዞረዋል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ እናቷን ከፍ አድርጋ ልትይዝ የሚገባት የቀደደችው ናት፣ የሰረቀችው ወይስ የለመነችው?