የቀኙ መንገድ ዱካ

አንድ ጊዜ፣ ንጉሥ የሚባል ነገር የሰለቻቸው የአንድ ቆላ ሸለቆ እንስሳት ተሰብስበው አንበሳን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ማዕረጉ አዲስ ነበር፤ ጥርሱ ግን ያው የድሮው ነው። ያለ ምክንያትም አልመረጡትም። በየበጋው ተኩላዎች ከተራራው ማዶ እየመጡ ግልገልና ጥጃ ይፈጁባቸው ነበርና አንበሳ ተነሥቶ እንስሳቱን ከኋላው አሰልፎ አባረራቸው። በተመረጠም ቀን በሁሉም ፊት ቆሞ «ከጅረቱ ሊጠጣ የወረደን እንስሳ አልነካም። የምበላውን ከሸለቆው ውጭ አድኜ እበላለሁ» ብሎ ማለ።

እንስሳቱም የዋዛ አልነበሩምና ደንብ አወጡ። በየዓመቱ የበልግ ዝናብ መሬቱን ሲያረጥበው፣ ወደ ጅረቱ በሚወስዱት ሁለት መንገዶች ላይ ድምፅ ይሰጣል። ፕሬዚዳንቱ ይቀጥል የሚል በቀኙ መንገድ ወርዶ ይጠጣል፤ ይብቃው የሚል በግራው። ከዚያ እሜቴ ጦጢት በጭቃው ላይ የታተመውን ዱካ ትቆጥራለች። የተናገረ ሊክድ ይችላል፣ ጭቃ የረገጠ ግን ምን ብሎ ይክዳል ብለው በብልሃታቸው ተደሰቱ። አንዲት ነገር ብቻ አላሰቡም፤ ዱካ የማን እንደሆነ ያስታውቃል። የጎሽን ኮቴ ከከርከሮ ኮቴ የማይለይ እንስሳ በዚያ ሸለቆ አልነበረም። አንበሳም ቢሆን ይለያል።

እመት አህያ በዚህ ጉዳይ ተጨንቃ አታውቅም። በየዓመቱ በቀኝ ትወርዳለች፣ ትጠጣለች፣ ትመለሳለች። አንበሳን ከልቧም አትጠላውም። አንድ ክረምት አረንቋ ውስጥ ሰምጣ ሳለ ማጅራቷን በጥርሱ ይዞ ጎትቶ ያወጣት እሱ ነው። ያ ሁሉ ጥርስ አንገቷ ላይ አርፎ እንዳልነከሳት ስታስበው እስካሁን ይገርማታል።

ድምፅ ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን የማይረሳ ነገር አየች። ጠራራ ፀሐይ ነበር። እሷ ቄጠማው ውስጥ ቆማ ስትጠጣ የእመት ሚዳቋ ልጅ እየዘለለች ወደ ጅረቱ መጣች። ትንሿ ሚዳቋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አንድ ጉንጭ እንኳ ሳትጨርስ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንበሳ ወጣ። ጩኸት አልነበረም። ውኃው ትንሽ ተንቦጫረቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። አንበሳ አፉን ጠርጎ ግራ ቀኙን ተመለከተና ሄደ።

እመት አህያ ልትሮጥ ፈለገችና መልሳ ቄጠማው ውስጥ ዝቅ አለች።

«እንደምን ዋልሽ፣ እመት አህያ?» አለ ከኋላዋ አንድ ለስላሳ ድምፅ። የፕሬዚዳንቱ አፈ ቀላጤ አያ ቀበሮ ነበር።

«እ... እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምን እያየሽ ነው?»

«ምንም! ውኃ ልጠጣ ነው የወረድኩት። ምንም አላየሁም።»

«ደግ አደረግሽ» አለ ቀበሮ ጢሙን እያሻሸ። «ጆሮሽን ብቻ ተጠንቀቂለት። ረጅም ነው፤ ከቄጠማው በላይ ይታያል። እኔ ካየሁት ሌላም ያየዋል።»

ይህን ብሎ እየተንጎራደደ ሄደ። እመት አህያ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጆሮዋን አጣብቃ ትሄድ ጀመር። ጆሮ ደግሞ እንደ እግር አጣጥፈው የሚተኙበት ነገር አይደለምና ፍርሃቷ ለሁሉም የሚታይ ሆነ።

በማግሥቱ እንስሳቱ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አንበሳ አልነበረም፤ እሱ ሳይኖር ነው ክርክር የሚደምቀው።

«እኔ ዘንድሮ በግራ ነው የምወርደው!» ብሎ ከርከሮ ጀመረ። «ንጹሑን ምንጭ ለብቻው አጥሮ እኛን ድፍርስ ያስጠጣናል። ለምን ሲሉት ያገሳል። ጥያቄ በማግሳት ይመለሳል እንዴ?»

«አንተ የተኩላን ዘመን ረሳኸው መሰለኝ» አለ ጎሽ። ጎሽ የሚናገረውን ከልቡ የሚናገር እንስሳ ነው። «በአንድ በጋ ሦስት ጥጃ ተበልቶብኛል። እሱ ከመጣ ወዲህ አንድም የለም። አፉ ሻካራ ነው፣ ኩራቱም አይጣል ነው፣ ምን ላድርገው? ልጆቼ ግን ተኝተው ያድራሉ።»

«ልክ ነው!» ብሎ አያ ጅቦ ዘለለ። «እሱ ከመጣ ወዲህ እኮ አጥንቱ በሽ በሽ ነው!»

ከርከሮ አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ። «የምን አጥንት ነው፣ አያ ጅቦ?»

«የ... የድሮ አጥንት ነዋ!» አለ ጅብ። ቀበሮ እግሩን ረግጦት ነበር።

በዚህ መሃል እመት ሚዳቋ ወደ መሃል ገባች። ሸለቆው ውስጥ የማያከብራት የለም። በየቀኑ ጉብታው ላይ ቆማ ማዶውን የምትጠብቅ፣ ተኩላ ሲመጣ ጮኻ የምታስጠነቅቅ እሷ ናት። ድምፅዋ ዛሬ ሰልሏል።

«ልጄ ትናንት ውኃ ልጠጣ ብላ ወርዳ አልተመለሰችም። ያያት አለ?»

ከርከሮ ጅብን አየ፣ ቀጥሎ ቀበሮን አየ፣ ከዚያ መሬቱን መጫር ጀመረ። ሚዳቋ ዞራ አህያን አየቻት።

«እህቴ፣ አንቺ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው የምትወርጂው።»

ቀበሮ ከወዲያ ማዶ የእመት አህያን ፊት ትቶ ጆሮዋን ነበር የሚያየው።

«እኔ... ትናንት አልወረድኩም» አለች። «አሞኝ ነበር።»

«ይማርሽ» አለች ሚዳቋ።

ያቺ «ይማርሽ» እመት አህያን ከእባብ መርዝ በላይ አቃጠለቻት። ቤቷ ገብታ ሁለት ቀን ሣር አልቀመሰችም። እነግራታለሁ ትልና ያ የውኃ መንቦጫረቅ ይታወሳታል፤ ወዲያው ልቧ ይከዳታል።

የድምፁ ቀን ደረሰ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው እንደ ሊጥ ለስልሷል። አንበሳ በሁለቱ መንገዶች መጋጠሚያ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃቸዋል። ቀበሮ ደግሞ «ነፃ ናችሁ! በፈለጋችሁት መንገድ ውረዱ! ማንም የማንንም ኮቴ አያይም!» እያለ ይጮኻል። ይህን በተናገረ ቁጥር እንስሳቱ የገዛ እግራቸውን ያያሉ።

ጎሽ በቀኝ ወረደ። በግራ እወርዳለሁ ብሎ የፎከረው ከርከሮ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ አንበሳ አዛጋ። ማዛጋት ብቻ ነው፤ ከርከሮ ግን ጅራቱን ሰቅሎ በቀኝ በኩል ፈተለከ። እመት አህያም ዓይኗን ጨፍና በቀኝ ወረደች። እግሯ ሥር ጭቃው ሲጨማለቅ ድምፁ ከዚያ ቀን የውኃ መንቦጫረቅ ጋር ተመሳሰለባት።

ጅብ ደግሞ ወረደና ዞሮ መጣ። እንደገና ወረደ። ቀበሮ በየዙሩ አንድ አጥንት እሰጥሃለሁ ብሎት ነበርና እስከ ማታ ድረስ ሲወርድና ሲወጣ ዋለ። እሜቴ ጦጢት ጣቷ ሲያልቅባት በጅራቷ እየቆጠረች መቶ አሥራ ሁለት ደረሰች።

«ሸለቆው ውስጥ ያለነው እኮ ስልሳ አንሞላም» ብሎ ጎሽ አጉረመረመ።

«ሕዝባዊ ፍቅር በቁጥር አይወሰንም» አለ ቀበሮ ቆጣ ብሎ። ሲያስቆጥር የዋለው ራሱ እንደሆነ ረስቶታል።

ከዚያ ጦጢት ወደ ግራው መንገድ ሄደች። ባዶ ይሆናል ብላ ነበር፤ አልነበረም። ጭቃው ላይ አንድ ትንሽ፣ ቀጭን፣ የተከፈለ ኮቴ ታትሟል።

አንበሳ ከድንጋዩ ወረደ። «የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለች እመት ሚዳቋ ማንም ሳይጠቁማት። «ልጄን የበላት ማን እንደሆነ እስኪነገረኝ ድረስ በቀኝ አልወርድም።»

«የጠፋችውን ያየ አለ?» አለ አንበሳ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ መጣ መጣና እመት አህያ ላይ ቆመ። «አንቺ? አየሽ?»

ልንገር አለች በልቧ። አሁን ልንገር፤ ሁሉም እዚህ አሉ፤ ሁላችንንም በአንድ ጊዜ አይበላን። አፏንም ከፈተች። ማጅራቷ ላይ የድሮው ጥርስ ያረፈበት ቦታ ሲበርዳት ተሰማት።

«አላየሁም፣ ጌታዬ» አለች።

«አዞ ይሆናል!» አለ ቀበሮ ፈጥኖ።

«አዞ ነው! አዞ ነው!» ብሎ ጅብ ተቀበለ። ከዚያ ከርከሮ፣ ከዚያ ጦጢት፣ ከዚያ ሁሉም «አዞ ነው!» አሉ። በዚያ ጅረት አዞ ታይቶ አያውቅም፤ ውኃው ጎሽን ከቁርጭምጭሚቱ አያልፍም። ጎሽ ቁርጭምጭሚቱን አየ። ከዚያ እሱም ቀስ ብሎ «አዞ» አለ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ስለ አንበሳ ደግነት አንድ ቃል ሲናገር አልተሰማም።

ሚዳቋ ሁሉንም አየቻቸው። አህያን ትንሽ ረዘም አድርጋ አየቻትና ዞራ ጉብታውን ወጣች፣ ተሻግራም ከሸለቆው ወጥታ ሄደች።

አንበሳም ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ። አጠገቡ አህያ ስታልፍ «አየሽ እንዴት እንደሚወዱኝ?» አላት።

«በጣም እንጂ፣ ጌታዬ» አለችው።

አምስተኛው ቀን ላይ ተኩላዎች መጡ። ጉብታው ላይ የሚጮህ አልነበረምና ማንም ሳያያቸው ጅረቱ ዳር ደረሱ። ሰባት ነበሩ። አንበሳ ብድግ ብሎ አገሳ። «ወገኖቼ! ከኋላዬ ቁሙ! መቶ አሥራ ሁለት ነን!»

ከኋላው የሚሮጥ የእግር ድምፅ ሰማ። የሚመጣ መስሎት ነበር፤ የሚርቅ ነው። ከርከሮ ጉድጓዱ ገባ፣ ጦጢት ዛፍ ላይ ወጣች፣ ቀበሮ ከሁሉም ቀድሞ ጠፍቷል። ጎሽ ልጆቹን ይዞ ወደ ሜዳው ሲሮጥ አንዴ ቆም ብሎ ወደ አንበሳ ዞሮ ነበር። ወዲያው ያቺ አዞ ትዝ አለችውና ሩጫውን ቀጠለ። ጅብማ ከተኩላዎቹ ኋላ ተቀምጦ አጥንት ይጠብቃል።

አንድ አንበሳ ለሰባት ተኩላ አይበቃም። ጎኑ ተቦጭቆ፣ አንድ እግሩን እያነከሰ ወደ ጉብታው ሲወጣ ድንጋይ ተገን አድርጋ የተደበቀችውን እመት አህያን አገኛት።

«የት ሄዱ?» አላት እያለከለከ። «ያ ሁሉ በቀኝ የወረደ የት ሄደ?»

እመት አህያ ወደ ታች አመለከተች። ፀሐይ ያደረቀው የቀኙ መንገድ ከላይ ሆኖ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ዱካ በዱካ ላይ፣ ኮቴ በኮቴ ላይ።

«ያውልዎት፣ ጌታዬ» አለች። «የሰጠንዎት እሱን ነው።»

አንበሳ ወደ ዱካው አየ። «እንደማትወዱኝ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼዎት።»

«አሁንስ አትፈሪኝም?»

«አሁን የምፈራው ተኩላዎቹን ነው» አለችና ጥላው ሄደች።

ቁልቁለቱን ወርዳ ማዶውን ተሻግራ ሁለት ቀን ፈለገች። እመት ሚዳቋን ደረቅ ገደል ሥር ብቻዋን ቆማ አገኘቻት። እመት አህያ ጆሮዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አደረገች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

«አንበሳ ነው» አለች። «አይቻለሁ። ቄጠማው ውስጥ ነበርኩ። ያን ቀን አላመመኝም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሚዳቋ።

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ላውቅ ብዬ አይደለም የጠየቅኩሽ፣ እህቴ። ጭቃው ላይ ከእኔ ኮቴ አጠገብ አንድ ሌላ ኮቴ እንዲኖር ብዬ ነው።»

ከጉብታው ወዲያ የተኩላዎቹ ጩኸት ይሰማል፤ ሁለቱም ተጠጋግተው ቆመው አዳመጡት።

ከዚህ የምንማረው፣ ፈርቶ «እወድሃለሁ» የሚል ሕዝብ መሪውንም ጎረቤቱንም እንደሚያታልልና፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሁሉም ለየብቻው እንደሚቀር ነው።